በሰው ፊርማ መኖር

ወይዘሮ ቩኮሳቫ ሲጋራ ይለኩሱና መተርኮሻው ላይ አስቀምጠውት ይረሱታል። ከዚያ ሌላ ይለኩሳሉ። ኒሽ ከተማ ውስጥ የውጭ ዜጋ ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ ያልገጠመው የለም፤ ጣጣው የገጠመው ሰው ደግሞ መጨረሻው እሳቸው ቢሮ፣ እዚያ ጭስ ውስጥ ነው። ጥብቅናቸው የታወቀ ነው፣ አፋቸውም እንደዚያው። ባለጉዳዩን ይቆጡታል፣ ያመናጭቁታል፣ ጉዳዩን ግን ይጨርሱለታል።

«ስሚኝ፣ ኖዲራ» አሉ ያን ቀን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «አንተም ስማ፣ ድራጉቲን። መስኮቱን ተወው፣ ክፍት ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱን ትመርጣላችሁ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሦስተኛ የለም።»

ኖዲራና ድራጉቲን የአንድ ትንሽ ድርጅት መሥራቾች ናቸው። እሷ ከሩቅ አገር የመጣች የቡኻራ ልጅ፣ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ፤ እሱ እዚሁ ኒሽ ተወልዶ ያደገ፣ ገበሬውንም ነጋዴውንም በየስሙ የሚጠራ ሰው። የሚሠሩት የአፈር እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ነው። የጎረቤቷ ከተማ የሌስኮቫች በርበሬ አምራቾች ማሳቸው ላይ ይተክሉትና መቼ ውሃ ማጠጣት እንዳለባቸው ስልካቸው ላይ ያያሉ። ድርሻቸው እኩል ነው። ሥራ አስኪያጅ ተብላ የተመዘገበችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያውን ፈቃድ ስታወጣም በመሥራችነቷ ነበር ያወጣችው። አሁን ፈቃዱ ሊያበቃ ነው፣ መታደስ አለበት።

«አንደኛው መንገድ እንደ እስከ ዛሬው ነው» አሉ ወይዘሮ ቩኮሳቫ። «መሥራች ነኝ፣ ድርጅቴን ለመምራት እዚህ መኖር አለብኝ ትያለሽ። ጥሩ ነው፣ በራስሽ እግር ትቆሚያለሽ። ግን የሚመረምሩት ሰዎች ‹ለመሆኑ ድርጅቱ ምን ሠራ?› ብለው ይጠይቃሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ ዘንድሮ ምን ሠራችሁ?»

ሁለቱም አቀረቀሩ። ዘንድሮ በረዶ በርበሬውን ገና በአበባው አርግፎት፣ ገበሬው እንኳን መሣሪያ ሊገዛ የዘር መግዣ አጥቶ ነበር የከረመው።

«አያችሁ! እንቢ ሊሉ ይችላሉ፣ እሺም ሊሉ ይችላሉ። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። ሁለተኛው መንገድ ቅጥር ነው። አንቺ ከሥራ አስኪያጅነቱ ትወርጃለሽ፣ ድራጉቲን ይተካል፣ ከዚያ እሱ በመሐንዲስነት ይቀጥርሻል። የቅጥር ውል ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ያ ሕንዳችሁ፣ ሴንቲል፣ በዚህ አይደል የገባው? ኮሽ ሳይል ነው ያለፈው።»

«ድርሻዬስ?» አለች ኖዲራ።

«ድርሻሽ ያው ድርሻሽ ነው፣ ማንም አይነካውም። የሚለወጠው ሌላ ነው።» ሲጋራቸውን በዓይናቸው ፈለጉት፣ አጡት፣ ተዉት። «ፈቃድሽ በሱ ፊርማ ይንጠለጠላል። ይኼ ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ ቢያባርርሽ፣ እዚህ የምትኖሪበት ምክንያት አበቃ። ሻንጣሽን ይዘሽ ቡኻራ!»

ድራጉቲን ሳቀ። «ማን፣ እኔ? እሷን ላባርር? መሣሪያው በየት በኩል እንደሚበራ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት እኮ!»

«ሲስማሙ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አሉ ወይዘሮዋ። «የፍቺም ጉዳይ እይዛለሁ እኔ። እስከ ሐሙስ ወስናችሁ አሳውቁኝ።»

ሦስተኛ የለም ይበሉ እንጂ ኖዲራ ሆድ ውስጥ ሦስተኛ ነበረ። ዋና ከተማው ቤልግሬድ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ደጋግሞ ደውሎላታል። ደመወዙም፣ ፈቃዱም፣ ቤቱም በኛ ይሁን፣ አንቺ ብቻ ነይ ይሏታል። ይኼን ለድራጉቲን አልነገረችውም፤ የሚነገርም አልመሰላትም፣ ምክንያቱም አትሄድም። ከባዶ ክፍል አብረው ያቆሙትን ነገር ትታ የት ትሄዳለች?

ደረጃውን ሲወርዱ ድራጉቲን «ቅጥሩ ይሻላል» አላት። «ምን ያስጨንቅሻል? ወረቀት ነው። እኔ ለስሙ አለቃ እባላለሁ፣ አንቺ እንደ በፊቱ ታዢኛለሽ።»

«እስከ ሐሙስ ላስብበት» አለችው እየሳቀች። ልቧ ግን አስቦ ጨርሷል። ይኼን ሰው ካላመነች ማንን ልታምን ነው?

ነገር የተበላሸው ሰኞ ዕለት ነው።

ማክሰኞው የኅዳር ሚካኤል ነበር። የድራጉቲን ቤተሰብ ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚዘክረው ሚካኤልን ነው። በዚያ ቀን ቄስ መጥቶ ዳቦው ይቆረሳል፣ የተቀቀለው ስንዴ ይቀመሳል፣ ሻማው ሲበራ ይውላል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። ኖዲራ አምና ነበረች። ያኔ ድራጉቲን ሳምንት ሙሉ «ትመጫለሽ፣ ቃል ግቢልኝ» እያለ ሲነዘንዛት ሰንብቶ፣ በዕለቱ ደግሞ አላምናትም ብሎ ራሱ መጥቶ ከቤቷ ወሰዳት። እናቱ እማማ ስቶያንካ ከጎናቸው አስቀመጧት። እስላም መሆኗን ስለሚያውቁ የአሳማ ሥጋ ያለበትን ሳህን ሁሉ ከፊቷ እያሸሹ፣ ሌላውን እየጫኑላት፣ እሷን እስኪበቃት ሳይሆን እሳቸውን እስኪበቃቸው አበሏት። ማታ ስትወጣ ግንባሯን ሳሟት። ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ እንደዚያ የሳማት ሰው አልነበረም።

እና ሰኞ ዕለት ድራጉቲን ወርክሾፕ ገባና በቀጥታ ወደ ሴንቲል ሄደ። ሴንቲል ከሕንድ ከመጣ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ መሣሪያዎቹን የሚገጣጥመውና ማሳ ላይ የሚተክለው እሱ ነው።

«ሴንቲል፣ ነገ እኛ ቤት ሚካኤል ነው፣ ትመጣለህ። ሥጋ እንደማትበላ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ ባቄላ በምድጃ ትሠራልሃለች። ብትቀር መጥቼ ጎትቼ ነው የምወስድህ!»

«እመጣለሁ፣ አለቃ! ምን ይዤ ልምጣ?»

«ሆድህን።»

ኖዲራ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሽቦ እየበየደች ነበር። አሁን ወደኔ ይዞራል ብላ ጠበቀች። ፈገግታዋንም አዘጋጀች። ድራጉቲን አልፏት ሄደ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ሳጥን ገፋ አደረገ፣ «ነገ ዝግ ነው፣ ስትወጪ በደንብ ቆልፊ» አላትና ወጣ። በቃ። ስለ ሚካኤል አንድ ቃል አላነሳባትም።

ረስቶ ይሆናል አለች። ማታ ይደውል ይሆናል አለች። ስልኩን ወጥ ስትሠራም፣ ስትታጠብም ከአጠገቧ አላራቀችውም። ማንም አልደወለም።

በቡኻራ ድግስ ያለው ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ በር አስንኳክቶ፣ በስም ጠርቶ ነው የሚጋብዘው። ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት እንኳ ካልተጠራ አይሄድም፤ የወጡን ሽታ እያሸተተ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ደፍ አይረግጥም። ኖዲራ በዚህ ነው ያደገችው። ታዲያ ዓይኗን በጨው አጥባ ትሂድ እንዴ?

ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ አይ የሰው ነገር፣ ተስፋ አልቆረጠችም። ሰማያዊ የሐር ቀሚሷን ለበሰች። ለእማማ ስቶያንካ ብላ ቀደም ብላ የገዛችውን የለውዝ ሐላዋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አምና እንዳደረገው መጥቶ ይወስደኛል፣ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ ነው ዝም ያለው እያለች፣ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮት ጋ ስትመላለስ ዋለች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ጀንበር አዘቀዘቀች። ቀሚሱን አወለቀችና አልጋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አመሻሹ ላይ ሴንቲል ደወለ፤ ድግሱን ሊያወራልኝ ነው ብላ ስልኩን ደፋችው።

ሆድ ሲብስ ያለፈው ሁሉ ይገለበጣል። «ቅጥሩ ይሻላል» ያለው ለምን ነበር? ለምን እንደዚያ ቸኮለ? ትናንት የመጣውን ሰው በደስታ ጠርቶ እሷን ሲዘላት፣ ይኼ ምን ማለት ነው? ማለትማ ግልጽ ነው። ሊሸኛት ነው። መጀመሪያ ከሥራ አስኪያጅነቱ ያወርዳታል፣ ከዚያ በሱ ፊርማ ስር ያስገባታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ፊርማውን ያነሳል። ሊያባርረው ያሰበውን ሰው ደግሞ ማን ከቤተሰቡ ማዕድ ያስቀምጣል? እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነች። ውሸትን እንደ ተከፋ ሰው አሳምሮ የሚገጣጥም የለም።

ረቡዕ ሴንቲል በጠዋቱ መሣሪያ ሊተክል ሌስኮቫች ሄዷል። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ድራጉቲን ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል።

«ደህና አደርሽ» አለ ጥርሱን ሳይገልጥ።

«ደህና» አለች።

ቀና ስትል ሲያያት ትደርስበታለች፣ ዓይኑን ይሰብራል። አንድ ጊዜ «ሁሉ ሰላም ነው? ቤተሰብ?» አለ፣ ድምፁ ጎርነን ብሎ። «ሰላም ነው» አለችው። የሚቀጥል መስሏት ነበር፣ አልቀጠለም። እንዲያውም ይባስ ጠቆረ። እሷም በሆዷ፣ ኧረ ጉድ ነው፣ በደለኛው ራሱ፣ አኩራፊውም ራሱ! አለች። ከምሳ በፊት ኮቱን አንስቶ «ጉዳይ አለኝ» አለና ሄደ፣ አልተመለሰም።

ኖዲራ ብቻዋን ስትቀር ስልኳን አንስታ ቤልግሬድ ደወለች። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለቻቸው። ደስ አላቸው። እሷን ግን ደስ አላላትም።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ቩኮሳቫ ቢሮ ገብታ ሳትቀመጥ ነው የነገረቻቸው። «ሁለቱንም ይተዉት። ቤልግሬድ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ፈቃዱን እነሱ ያወጡልኛል። ድርሻዬንም ድራጉቲን ከፈለገ ይግዛኝ።»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና አዩዋት። «ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

«ተቀመጪ አልኩሽ፣ አንገቴን አመመኝ!» ተቀመጠች። «ያ ግትር ሰውዬ ትናንት እዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።»

«እነግርሻለሁ፣ የሁለታችሁም ጠበቃ ነኝ። ‹ቅጥሩን ይተዉት› አለኝ። ‹ዓይኔን ማየት አትፈልግም። ዓይኔን ማየት ያስጠላት ሰው በኔ ፊርማ ስር መኖር የለባትም። ከኔ ድርሻ ላይ ቆርሰው ይጨምሩላት፤ ዋናዋ ባለቤት እሷ ከሆነች በመሥራችነቷ ይቀበሏት ይሆናል። ከተጣላችኝ ትጣላኝ፣ ግን በኔ ምክንያት ከአገር አትውጣ› አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ ያለ እብድ አላየሁም። ምን አደረገሽ?»

ኖዲራ አፏን ያዘች። «ዓይኑን ማየት አትፈልግም? እኔ? እሱ ነው እንጂ የማይፈልገኝ! እሱ ነው ያገለለኝ!»

«ታዲያ ሚካኤል ለምን ቀረሽ?»

«አልጠራኝማ!»

ወይዘሮ ቩኮሳቫ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። «አምናስ ሄደሽ አልነበር?»

«ሄጃለሁ። አምና ጠርቶኛል። ዘንድሮ ግን ሴንቲልን ዓይኔ እያየ ጠርቶ እኔን ዘለለኝ።»

የወይዘሮዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንባ አስፈሰሳቸው። ኖዲራ እንደ ተሰደበች ቆጥራ ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዟት።

«አንቺ ልጅ! ለዝክር ሰው የሚጠራው አንዴ ነው። አንዴ ብቻ! ከዚያ ወዲያ ራሱ ይመጣል። አንዴ መጥቶ የበላን ሰው እንደገና መጥራት፣ አንተ የቤቱ ሰው አይደለህም ብሎ መስደብ ነው። ሴንቲል እንግዳ ስለሆነ ተጠራ። አንቺን ቢጠራሽ ኖሮ እናቱ ጭልፋ ነበር የሚያነሱበት።»

ኖዲራ ሰማችው፣ ግን እስኪገባት ቆየ። «የቀረ ሰውስ?» አለች ቀስ ብላ።

የወይዘሮዋ ሳቅ ቆመ። «የቀረ ሰውማ ወይ ሐዘን ላይ ነው፣ ወይ ከዚያ ቤት ጋር ተቆራርጧል።»

ትናንት «ቤተሰብ ሰላም ነው?» ያለው ትዝ አላት። ሰላም ነው ስትለው የጠቆረው ፊቱ ትዝ አላት። ሰው ሞቶባት እንደሆነ ነበር የጠየቃት። ሞቶባት ቢሆን ይቅር ሊላት።

«ታዲያ ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም?» አለች።

«ማን ይነግርሻል? ለኛ ማን ነገረን? ይኼ የሚነገር ነገር ነው እንዴ?» ወይዘሮ ቩኮሳቫ ቦርሳዋን አንስተው እቅፏ ላይ ጣሉላት። «ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። በኛ በደቡቦቹ ዘንድ ዝክር ሦስት ቀን ነው፣ ድስቱ ገና አልታጠበም። ተነሺ፣ ሂጂ!»

«ዛሬ? ዓይኔን በጨው አጥቤ?»

«በፈለግሽው እጠቢው፣ ብቻ ሂጂልኝ!»

ቤቷ ሮጣ ሐላዋውን ያዘች። እነ ድራጉቲን ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድዩን እንዴት እንደተሻገረች አታውቀውም። በሩን ስታንኳኳ እማማ ስቶያንካ ራሳቸው ከፈቱ። መጎናጸፊያቸውን እንደተከናነቡ፣ እጃቸው ሊጥ እንደነካ፣ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። ግቢ አላሏትም።

«ማን ሞተብሽ?» አሉ።

«ማንም አልሞተብኝም፣ እማማ ስቶያንካ።»

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያውስ ምን አደረግንሽ?»

ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ኖዲራ እንባዋ ቀደማት። እያለቀሰች፣ ቃሉ እየተምታታባት ነገረቻቸው፤ ስለ ሴንቲል መጠራት፣ ስለ ቡኻራ ወግ፣ ቀሚሷን ለብሳ መስኮት ጋ ስለ መዋሏ። እማማ ስቶያንካ ማመን አቅቷቸው እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ለብሰሽ ነው የዋልሽው?»

«ለብሼ።»

«ኧረ እኔን ይድፋኝ!» ደረታቸውን መቱ። «እኔ እዚህ መንገድ መንገዱን ሳይ፣ አንቺ እዚያ ለብሰሽ! ዳቦው ሊቆረስ ሲል ‹ትንሽ ቆዩ፣ አንዲት ልጅ ቀርታብኛለች› ብዬ ቄሱን እኮ አስቆምኳቸው! ስንት ቤት የሚጠብቃቸውን ሰውዬ! እሳቸውም ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ እኔ በሩን ሳይ… ኋላ ድራጉቲን ‹ቁረሱት፣ አትመጣም› አለና ወጣ። ሲጋራ ላጭስ ነው አለኝ። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም እኮ።»

እጇን ይዘው አስገቧት። ማድ ቤቱ ሞቅ ብሎ፣ የጎመንና የጭስ ሽታ ሞልቶታል። ከምድጃው ጥግ ትንሽ ድስት አወጡ።

«ያንቺ ነው። ሳርማሽ።» በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋና ሩዝ አንድ በአንድ ሳህን ላይ ያወጡ ጀመር። «በበሬ ሥጋ ነው። ከትልቁ ድስት ጋር እንዳይነካካ ለብቻው፣ ባዲስ ድስት፣ ባዲስ ማንኪያ ነው የሠራሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ማንንም አላስነካሁም። ድራጉቲን ትናንት ክዳኑን ሲያነሳ እጁን መታሁት። ‹አትመጣም፣ እማዬ፣ ምን ታደርጊዋለሽ?› ሲለኝ ‹አንተ ምን አገባህ› አልኩት።»

ኖዲራ መብላት አቃታት። ሳህኑን እያየች ታለቅሳለች። እማማ ስቶያንካም እያለቀሱ «ብይ፣ ሳርማ በሦስተኛው ቀን ነው የሚጥመው» ይላሉ።

ድራጉቲን የገባው በዚህ መሐል ነው። እሷን ሲያይ ኮቱን ግማሽ አውልቆ ቀረ።

«አልጠራኸኝም ብላ ነው!» ጮኹ እናቱ። «ስትጠራት ስትጠብቅ! አንተ ደንቆሮ፣ የሰው አገር ሰው መሆኗን አታውቅም?»

ድራጉቲን አንዴ እናቱን፣ አንዴ ኖዲራን አየ። «ምን ብዬ ልጥራት? የራሷን ቤት…» ወንበር ስቦ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ሚካኤል እኮ የታወቀ ነው» አለ።

«ለማን ነው የታወቀው?» አለች ኖዲራ። ከዚያ መደበቅ አልፈለገችም። «ስማኝ፣ ድራጉቲን። ትናንት ቤልግሬድ ደውዬ እመጣለሁ ብያለሁ። ከቆየ ጀምሮ ይፈልጉኝ ነበር፣ አልነገርኩህም። የምሄድ ስላልመሰለኝ ነው ያልነገርኩህ። ትናንት ግን ልሄድ ነበር።»

አመመው፤ ሲያመው ይታያል። «ትሄጃለሽ?» አለ።

«ወይዘሮ ቩኮሳቫ ያልከውን ነገሩኝ። ድርሻህን ያዝ፣ እኩል ነው የጀመርነው፣ እኩል ይሁን። ለቤልግሬዶቹ ዛሬውኑ ደውዬ እተወዋለሁ። አንተ ሥራ አስኪያጅ ትሆናለህ፣ እኔ ተቀጣሪ። ቅጥሩን ነው የመረጥኩት።»

«አይሆንም!» ብድግ አለ። «ያኔ ቀላል መስሎኝ ነው ቅጥር ያልኩሽ። አየሽኝ አይደል? አፌን ከፍቼ ‹ለምን ቀረሽ?› ማለት ያቃተኝ ሰው ነኝ። ከመጠየቅ ከድርሻዬ ቆርሶ መስጠት የቀለለኝ ሰው! በእንደዚህ ያለ ግትር ፊርማ ስር መኖር ትፈልጊያለሽ? አንድ ቀን ተናድጄ ባባርርሽስ?»

እማማ ስቶያንካ ሳህኑን ወደ ኖዲራ ገፋ አደረጉ። እሳቸውም መልሷን ይጠብቃሉ።

ኖዲራ አፍንጫዋን ጠረገች። አንዱን ሳርማ ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ አላምጣ ዋጠች።

«ታባርረኛለህ» አለች። «እኔም ሻንጣዬን ይዤ ቡኻራ እገባለሁ። ኅዳር ሲደርስ ግን የጎብኚ ቪዛ አውጥቼ እመጣለሁ። እዚህ፣ ከእማማ ጎን እቀመጣለሁ። እስክትጠራኝም አልጠብቅህም።»

እማማ ስቶያንካ ወደ ምድጃው ዞሩና በመጎናጸፊያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ድራጉቲን ስልኩን አወጣና ወይዘሮ ቩኮሳቫ ጋ ደወለ።

«የቅጥሩን ውል ይጻፉት» አላቸው። ቀስ ብሎ ስለተናገረ ወይዘሮዋ አልሰሙትም፣ ደግሞ ነገራቸው።